ሳይለምኑ መጥራት፦ የሂንዱ ምእመናን የአምላክን ስም ለምን ይደጋግማሉ?

ዱባይ እሠራበት በነበረ መጋዘን ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። የሙምባይ ሰው ናቸው። ስልክ ሲያነሱ «ሃሎ» አይሉም፤ «ሀሬ ክሪሽና» ነው የሚሉት። ደዋዩ የባንክ ሰው ይሁን የጭነት ሾፌር ለእሳቸው ለውጥ የለውም። ጠዋት በሰርቪስ ስንሄድ ደግሞ ቀኝ እጃቸውን በአንዲት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከትተው ይቀመጣሉ። ከረጢቷ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ጠቋሚ ጣታቸው ብቻ በቀዳዳ ወጥታ ትታያለች። በመጀመሪያው ሳምንት እጃቸው የተሰበረ መስሎኝ «እግዜር ይማርዎ» ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከረጢቷ ውስጥ ያለው መቁጠሪያ ነው። «ማላ» ይሉታል። 108 ፍሬ አለው። የአምላኩ የቪሽኑ፣ በምድር የተገለጠባቸው የክሪሽናና የራማ ምእመናን አብዛኛውን ጊዜ ከቱልሲ እንጨት የተሠራ ይይዛሉ። ቱልሲ የኛዋ በሶብላ የቅርብ ዘመድ ናት። የሌላው ታላቅ አምላክ የሺቫ ምእመናን ደግሞ ሩድራክሻ የሚባል ሸካራ የዛፍ ፍሬ ይመርጣሉ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ፍሬዋ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ትያዛለች። ጠቋሚ ጣት አይነካትም፤ ሰው የሚጠቆምበትና የሚከሰስበት ጣት ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ከከረጢቷ ውጭ የሚቀረው። ጥሪው አንድ ጊዜ ሙሉውን ይባልና ጣት ወደሚቀጥለው ፍሬ ይሻገራል። ከጫፍ ሱሜሩ የምትባል ተለቅ ያለች ፍሬ አለች። እሷ አትቆጠርም። ተረግጣም አትታለፍም። እዚያ ሲደረስ መቁጠሪያው ይገለበጥና በመጡበት ይመለሳሉ።

ሰውየው የሚሉት ጥሪ ይኼ ነው፦

ሀሬ ክሪሽና ሀሬ ክሪሽና
ክሪሽና ክሪሽና ሀሬ ሀሬ
ሀሬ ራማ ሀሬ ራማ
ራማ ራማ ሀሬ ሀሬ

ቢቆጠር 16 ቃል ነው። ስሞቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ደግማችሁ ብታዩት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ግስ የለውም። «ስጠኝ» የለም፣ «ማረኝ» የለም፣ «ጠብቀኝ» የለም። በሳንስክሪት ሦስቱም የጥሪ ቃል ናቸው። እኛ «ሆይ» ብለን እንደምንጠራው ማለት ነው። ክሪሽና ሆይ፣ ራማ ሆይ። «ሀሬ» ደግሞ በቤንጋል መምህራን ትርጓሜ የአምላክን ኃይል፣ የክሪሽና ፍቅር የሆነችውን ራዳን መጥሪያ ነው። ከጥሪው ቀጥሎ ልመና አይመጣም። አንድ ሕፃን ከእንቅልፉ ሲነቃ «እማ! እማ!» እንደሚለው ነው። ውሃ ይፈልግ፣ ፈርቶ ይሁን፣ ገና አልተናገረም። መጀመሪያ ትምጣለት።

በዝግታ፣ በመቁጠሪያ፣ ለራስ የሚባለው «ጃፓ» ይባላል። በጉባኤ፣ በከበሮና በናስ ጸናጽል፣ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ የሚዘመረው «ኪርታን» ነው። አንዳንዶች ደግሞ ይጽፉታል። ደብተር ገዝተው «ራም፣ ራም፣ ራም» እያሉ ገጽ ይሞላሉ። ቫራናሲ ከተማ ውስጥ እንዲህ የተሞሉ ወረቀቶችን ተረክቦ የሚያስቀምጥ «ባንክ» አለ። ስሙም ራም ራማፓቲ ባንክ ነው። ገንዘብ አይቀበልም። በጉጃራቷ ጃምናጋር ያለ አንድ የሃኑማን (የራማ አገልጋይ የሆነው ጦጣ መሰል አምላክ) ቤተ መቅደስ ደግሞ ከነሐሴ ወር 1964 ጀምሮ የራማን ስም ሌት ተቀን በፈረቃ እያዘመረ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?

ለኛ ሰው ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ሲያምጥ የሚሰማው «ማርያም! ማርያም!» የሚል ድምፅ ልመና ያልተጨመረበት ጥሪ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ስንልም ስም እንዲሁ የተለጠፈ ምልክት አይደለም ማለታችን ነው። የሂንዱ ምእመናን ግን ከዚህ አንድ ትልቅ እርምጃ አልፈው ይሄዳሉ። የሚሉት ስሙ አምላኩን ያስታውሳል ብቻ አይደለም። ስሙ አምላኩ ነው። «ናማ» ማለት ስም ነው፣ «ናሚ» ማለት ባለ ስሙ፤ ሁለቱ አይለያዩም።

መምህራኑ ይህን ሲያስረዱ በውሃ ይመስሉታል። በረሃ ላይ የተጠማ ሰው «ውሃ፣ ውሃ» ቢል ጥሙ አይቆረጥም። ምክንያቱም በዚህ ዓለም ቃልና ነገር ለየቅል ናቸው። አምላክ ግን የዚህ ዓለም ዕቃ ስላልሆነ እንዲህ አይከፈልም። ስሙ በተጠራበት ምላስ ላይ ራሱ አለ። ስለዚህ ስሙን መጥራት ወደ እሱ የሚወስድ መንገድ ብቻ ሳይሆን መድረሻውም ጭምር ነው። የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይፈልቃል። ይህን የማይቀበል ሰው ኪርታኑን ቢሰማ ዘፈን ብቻ ነው የሚሆንበት።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የራማን ታሪክ በሕዝቡ ቋንቋ የጻፈው ባለቅኔው ቱልሲዳስ ሐሳቡን ጫፍ ድረስ ወስዶታል። ስሙ ከራማ ከራሱ ይበልጣል ይላል። ማስረጃው ደስ ይላል። ራማ በምድር ሳለ ድንጋይ ሆና የቀረችውን አሃልያን፣ አንዲት ሴት፣ አዳነ። ስሙ ግን ስንት ሚሊዮን የከፉ ልቦችን አቀና? ራማ ባሕር ለመሻገር የጦጣና የድብ ሠራዊት ሰብስቦ ድልድይ አስገነባ። ስሙ ግን ሲጠራ የዓለም ባሕር ራሱ ይደርቃል።

እዚህ ላይ «ቆይ እስቲ» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እሱን የቀደመው ሰው አለ። ካቢር ይባላል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የቫራናሲ ሸማኔ ነው። በእሱ ስም በሚዘመር አንድ ግጥም ሊቃውንቱን ይቆጣቸዋል፦ «ራም» በማለት ዓለም የሚድን ከሆነ፣ «ስኳር» ስትሉ አፋችሁ ይጣፍጥ ነበራ! «እሳት» በማለት እግር ይቃጠል ነበራ! «ውሃ» ስትሉ ጥማችሁ ይቆረጥ ነበራ! በቀቀንም እኮ ከሰው ጋር «ሃሪ» (የቪሽኑ ሌላ ስሙ ነው) ትላለች፣ ጫካ ስትገባ ግን ትረሳዋለች።

የሚገርመው ካቢር ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የራም ስም ሰው ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በአማኝና በከሓዲ መካከል አይደለም። በቤቱ ውስጥ ያለ ክርክር ነው፤ ስሙ በራሱ ይሠራል ወይስ ልብ ካልተጨመረበት ከንቱ ጩኸት ነው?

«በራሱ ይሠራል» የሚሉት ወገኖች ሁልጊዜ የሚያነሱት የአጃሚላን ታሪክ ነው። በባጋቫታ ፑራና (የክሪሽና ምእመናን ቅዱስ መጽሐፍ ነው)፣ በስድስተኛው ክፍል ይገኛል። አጃሚላ ጥሩ ብራህሚን፣ ማለትም የካህናት ወገን፣ ነበር። አንድ ቀን አባቱ አበባና ማገዶ ሊያመጣ ጫካ ልኮት፣ ሰክረው የሚላፉ ወንድና ሴት አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቲቱ ከልቡ አልወጣችም። ሚስቱን ተወ፣ የአባቱን ሀብት በእሷ ላይ ጨረሰ፣ ሌብነትና ማጭበርበር ውስጥ ገባ። አሥር ልጆች ወለደ። የመጨረሻውን፣ በጣም የሚወደውን፣ ናራያና አለው። ናራያና ከቪሽኑ ስሞች አንዱ ነው። በ88 ዓመቱ ሊሞት ሲያጣጥር የሞት ጌታ የያማ ሦስት አገልጋዮች ገመድ ይዘው መጡ። ፊታቸው ያስፈራል። ሽማግሌው ደንግጦ፣ እዚያ ማዶ የሚጫወተውን ሕፃን ልጁን ጠራ፦ «ናራያና!»

ወዲያው የቪሽኑ መልእክተኞች ደርሰው «ልቀቁት» አሉ። ሁለቱ ወገኖች ተከራከሩ። የያማ ሰዎች ሕግ ጠቀሱ፤ ሰውየው ወንጀለኛ ነው፣ ንስሐ አልገባም። የቪሽኑ ሰዎች መልስ አጭር ነው። ስሙን ጠርቷል። ልጁን አስቦ ይሁን፣ በቀልድ ይሁን፣ ተደናቅፎ ሲወድቅ ይሁን፣ ለውጥ የለውም፤ እሳት ሳያውቁት ቢነኩትም ያቃጥላል፣ መድኃኒትም ሳያውቁት ቢጠጡት ይሠራል።

የሒሳብ ሠራተኛው ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። «እንዲህማ ከሆነ ሁላችንም ልጆቻችንን ናራያና እንበላቸውና እንረፍ» አልኳቸው። ሰውየው አልተቀየሙም። «መጨረሻውን አልሰማህም» አሉኝ። እውነትም ብዙ ሰው ታሪኩን ግማሽ ላይ ነው የሚጥለው። አጃሚላ ያን ቀን አልሞተም። ተለቀቀ። ክርክሩን ሁሉ ተኝቶ ሰምቷልና በራሱ አፈረ። ቤቱን ትቶ ጋንጅስ ከተራራ ወደሚወርድበት ስፍራ ሄደ። ቀሪ ዘመኑን ስሙን አውቆ እየጠራ ኖረ። የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ሳያስበው የጠራው ስም ጊዜ ገዛለት፤ ጊዜውን የተጠቀመበት እሱ ነው።

ያው መጽሐፍ ከአጃሚላ ታሪክ ትንሽ ቀደም ብሎ አጭበርባሪውን የሚዘጋ ምሳሌም አለው። ዝሆን ወንዝ ገብቶ ደህና አድርጎ ይታጠባል። ከዚያ ወጥቶ አቧራ በኩምቢው አፍሶ ራሱ ላይ ይረጫል። ጠዋት ሠርቆ ማታ የሚያስተሰርይ ሰው እንደዚያ ነው። በስሙ ላይ የሚፈጸሙ አሥር በደሎች ተዘርዝረዋል፤ ከነሱ አንዱ በትክክል ይኼ ነው፤ «ስሙ ያጥብልኛል» ብሎ ተማምኖ ኃጢአት መሥራት። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ቅዱሳን ሰዎችን መስደብ ነው። የስሙን ክብር «የተጋነነ ነው» ማለትም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። የኔ ሳቅ እዚያ ውስጥ ሳትገባ አትቀርም።

ስሙ ለምን አሁን ይህን ያህል እንደገነነ ለመረዳት የዘመን ሒሳባቸውን ማየት ያስፈልጋል። ዓለም በአራት ዘመናት ትዞራለች። አሁን ያለንበት አራተኛውና የከፋው ካሊ ዩጋ ነው። 432,000 ዓመት ይቆያል፤ የጀመረውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ነው ይላሉ። ሰው ዕድሜው አጭር፣ ትዕግሥቱ ትንሽ፣ ሐሳቡ የተበታተነ የሆነበት ዘመን ነው። በመጀመሪያው ዘመን በተመስጦ፣ በሁለተኛው በታላቅ መሥዋዕት፣ በሦስተኛው በቤተ መቅደስ አምልኮ የሚገኘው፣ በዚህ ዘመን በስሙ ብቻ ይገኛል። ለደከመ ሰው የተሠራ አቋራጭ መሆኑ ነው። መሥዋዕት እህልና ቅቤ፣ ካህንና ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። ስም የሚፈልገው ምላስ ነው።

ይህ ሐሳብ ማኅበራዊ ጥርስም አለው። «አስማት» የሚለው ቃላችን በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። በክታብ ላይ የሚጻፉት የኅቡእ ስሞች ለሚያውቅ ብቻ የተሰጡ ናቸው። ህንድም እንዲህ ያለ ልማድ አላት። ከመምህር በጆሮ የሚተላለፍ፣ ለሌላ የማይነገር ማንትራ፣ ማለትም ቅዱስ የጥሪ ቃል፣ አለ። ስለ ታላቁ የደቡብ ህንድ መምህር ስለ ራማኑጃ የሚተረክ ታሪክ አለ። መምህሩ የናራያናን ማንትራ ከነምሥጢሩ ሰጡትና «ለማንም ብትናገር ሲኦል ትገባለህ» አሉት። እሱ የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥቶ፣ ከታች ለተሰበሰበው ሕዝብ ጮኾ ተናገረው። ሲጠየቅ «ይህ ሁሉ ሰው ድኖ እኔ ብቻዬን ሲኦል ብገባ ምን አለበት?» አለ።

ቤንጋል ውስጥ ይህን ወደ አደባባይ ያወጣው ቻይታንያ ነው። በ1486 ናባድዊፕ ከተማ ተወለደ፣ በ1534 አረፈ። የተማረ ብራህሚን ሲሆን መጽሐፉን አስቀምጦ ከበሮ አስመታ። ኪርታኑን ከቤት አውጥቶ በየመንገዱ አዘመረ። የከተማው ዳኛ ጩኸቱን ከልክሎ አንድ ከበሮ እንደተሰበረና ቻይታንያም ችቦ የያዘ እልፍ ሕዝብ አስከትሎ ዳኛው ደጅ ድረስ እንደሄደ ተከታዮቹ ይተርካሉ። ከሱ ጋር በጣም የሚከበረው ሃሪዳስ ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ሰው ነበር። በቀን 300,000 ስም ይጠራ ነበር ይባላል። ቻይታንያ «የስሙ መምህር» አድርጎ ያስቀመጠው እሱን ነው፤ ዘሩን የሚቆጥሩ ብራህሚኖች እያሉ።

ከዚህም የበረታ ምሳሌ በመካከለኛው ህንድ፣ በቻቲስጋር አለ። ራምናሚ የሚባሉ ማኅበረሰቦች ናቸው። «የማይነኩ» ተብለው ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የራማን ስም ሰውነታቸው ላይ መነቀስ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ከግንባር እስከ እግር ጣት። በሩ ቢዘጋባቸው ስሙን ቆዳቸው ላይ ጻፉት።

ሁሉም ሂንዱ በዚህ ይስማማል ማለት አይደለም። ነፍስና አምላክ አንድ ናቸው በሚሉት በአድቫይታ ፈላስፎች ዘንድ ከሁሉ የላቀው እውነት ስም የለውም፤ መጥራቱ ልብን ያጠራል እንጂ መጨረሻው አይደለም። የዮጋ ትምህርት «ኦም» የሚለውን ድምፅ ትርጉሙን እያሰላሰሉ መደጋገም ሐሳብን ይሰበስባል ይላል። በባጋቫድ ጊታ በተባለው ቅዱስ መጽሐፍ ክሪሽና «ከመሥዋዕቶች መካከል እኔ ጃፓ ነኝ» ሲል ሁሉም ወገን ይጠቅሰዋል፣ ሁሉም በየራሱ ይተረጉመዋል። ለቻይታንያ ልጆች ግን የስሙ ፍሬ ከኃጢአት መንጻት እንኳ አይደለም፣ ከዳግም ልደት መዳንም አይደለም። እነሱ የንጋት ጎህ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሌባና ጭራቅ ይጠፋሉ፤ ፀሐይዋ ግን ገና አልወጣችም። ፀሐይዋ ፍቅር ናት።

ቻይታንያ በራሱ ስም የሚታወቁ ስምንት ስንኞችን ብቻ ነው የተወው። በመጀመሪያው፣ ስሙ የልብን መስተዋት የሚወለውል ነው ይላል። በሁለተኛው ግን ያዝናል፦ ኃይልህን ሁሉ በስሞችህ ውስጥ አኖርህ፣ የምንጠራበት ልዩ ሰዓትም አላዘዝህም፣ እኔ ግን ዕድለ ቢስ ሆኜ ፍቅሩ አላደረብኝም። ይህችን ስንኝ እወዳታለሁ። ነገሩ ቀላል ነው ተብሎ ለተሰበከለት ሰው፣ ለምን እንደሚከብደው የምታውቅ ናት። የሒሳቡ ሰውዬ አንድ ቀን «አፌ ክሪሽና ይላል፣ ልቤ ደረሰኝ ይቆጥራል» ብለውኛል። የመጋዘኑ ሒሳብ የወሩ መጨረሻ ላይ ነበር።

የእሳቸው ማኅበር በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ነው። መሥራቹ ባክቲቬዳንታ ስዋሚ ፕራቡፓዳ በ1965፣ በ69 ዓመታቸው፣ በጭነት መርከብ ከካልካታ ተነሥተው አሜሪካ ገቡ። ቶምፕኪንስ ስኩዌር በሚባል መናፈሻ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ማዘመር ጀመሩ። ተከታዮቻቸው በቀን 16 ዙር መቁጠሪያ እንዲጠሩ አዘዙ። 16 በ108 ሲባዛ 1,728 ጥሪ ነው። ስሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ከተባለ 27,648። ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ለሌላው ሰው ስሙ እንዲህ በቁጥር አይመጣም። ጋንዲ ልጅ ሳሉ ጨለማና መንፈስ ይፈሩ ነበር። ራምባ የምትባል የቤት ሞግዚት «ስትፈራ ራማ በል» አለቻቸው። ዘሩን የዘራችው እሷ ናት ብለው ጽፈዋል። በ1948 ጥር 30 ቀን ተገደሉ። ዴልሂ ውስጥ አስከሬናቸው በተቃጠለበት ስፍራ ባለው ጥቁር እምነ በረድ ላይ የተቀረጸው ሁለት ቃል ነው፦ «ሄ ራም»፣ ራማ ሆይ። ቫራናሲ ውስጥ የሚሞት ሰው ጆሮ ላይ ሺቫ ራሱ የሚያሻግረውን ስም ያንሾካሹክለታል ይባላል። ብዙ አዛውንት እዚያ ሄደው ሞትን የሚጠብቁት ለዚህ ነው። በሰሜን ህንድ አስከሬን ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች «ራም ናም ሳትያ ሄ»፣ የራም ስም እውነት ነው፣ እያሉ ይጓዛሉ። ይህችን ሐረግ ሠርግ ቤት ብትላት ከቤት ያስወጡሃል።

ያው ስም ጠዋት ላይ ሰላምታ ነው። የመጋዘናችን ዘበኛ የራጃስታን ሰው ነበር። በር ሲከፍት «ራም ራም» ይላል። ለምን ሁለቴ እንደሚባል የሒሳቡ ሰውዬ በአንድ የደረሰኝ ጀርባ ላይ አስልተው አሳይተውኛል። ብዙ ህንዳዊ የሚያውቀው ሒሳብ ነው አሉ። በሂንዲ ፊደል ተራ «ረ» 27ኛ ተነባቢ ናት። «ኣ» ሁለተኛ አናባቢ። «መ» 25ኛ። ሲደመር 54። ሁለቴ ሲባል 108። አንድ «ራም ራም» አንድ ሙሉ መቁጠሪያ መሆኑ ነው።

«ታዲያ እርስዎ ለምን 16 ዙር ይለፋሉ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ወደ ከረጢቷ መለሱ። ሰርቪሱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ እሳቸውም ገና ስድስተኛው ዙር ላይ።